በሰም የታሸገ አደራ

እታፈራሁ አንድ ነገር ጠፋ ሲሏት «የት ሄዶ?» ማለት እንጂ «ወይኔ» ማለት አታውቅበትም። በዚህ ጠባይዋ ያልተቀየማት ዘመድ የለም። እናም የአክስቷ ልጅ ኤፍሬም ከወልድያ ድረስ መጥቶ፣ የፎቶ ማከማቻ ሰርቨሯን እንደገና ገጣጥሞ፣ ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ አዲሱን ሊኑክስ፣ ጭኖ ሲያበቃ እጁን በሱሪው ጠረገና «ዲስኮቹ ሞተዋል፤ እግዜር ያጽናሽ» ሲላት፣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳብ አድርጋ «ስንቶቹ?» አለችው።

«አምስቱ። የሚታየው አንዱ ብቻ ነው።»

«አምስት ዲስክ ባንድ ቀን?»

«አራት ወር ጉድጓድና ጎተራ ውስጥ የከረመ ዕቃ እኮ ነው! ምን ይሁን ትያለሽ?»

«አምስት ሰው ባንድ ቀን ሲሞት አይቻለሁ፤ ባለፈው ነሐሴ፣ እዚሁ መንገድ ላይ። እነሱን ግን የገደላቸው አለ። እነዚህን ማን ገደላቸው?»

ኤፍሬም «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ አጉረመረመና ውሃ ሊጠጣ ወጣ።

እታፈራሁ መርሳ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ፎቶ ቤት አላት። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የሐብሩ ወረዳን ሰው ስታነሳ ኖራለች፤ ሰርጉን፣ ክርስትናውን፣ ምርቃቱን፣ የመታወቂያና የመንጃ ፈቃድ ጉርዱን። ሌላው ፎቶ አንሺ ደንበኛው ፎቶውን ከወሰደ በኋላ ያጠፋል። እሷ ምንም አታጠፋም፤ ዓይኑን የጨፈነውንም፣ ሲያስነጥስ የተነሣውንም ታስቀምጣለች። ለዚህ ብላ በገዛ እጇ ሰርቨር ሠርታ ነበር። ሰርቨር ይባል እንጂ ነገሩ ስድስት ዲስክ የታጨቀበት አሮጌ የኮምፒዩተር ሣጥን ነው። ዲስኮቹንም ከውጭ በኬብል ከሚሰኩት፣ ረከስ ከሚሉት ገዝታ፣ የፕላስቲክ ልብሳቸውን ፈልፍላ ጥላ ነው ያስገባቻቸው። እያንዳንዱን በተገዛበት ቀን ታቦት ጠራችው፤ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ። የንስሐ አባቷ ሰምተው ሲቆጧት «ታዲያ በቁጥር ብጠራቸው ማን ይጠብቅልኛል?» አለቻቸው።

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ መርሳ ሊገባ ሲቃረብ፣ ሌላው ሰው ፍራሹንና ቴሌቪዥኑን ሲጭን፣ እሷ ብሎን ስትፈታ ዋለች። ስድስቱን ዲስኮች በላስቲክ ጠቅልላ ለስድስት ቤት በአደራ ሰጠች። «የሰው ሰርግና ክርስትና ነው፤ እንዳይረጥብ፣ እንዳይከፈት» አለቻቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከተማዋ አራት ወር ተይዛ ከረመች። ፎቶ ቤቱ ተዘረፈ፤ ከሰርቨሩም የተረፈው ጎኑን ጥይት የበሳው ባዶ ሣጥን ብቻ ነበር። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት ግን ስድስቱም ባላደራዎች ስድስቱንም ዲስኮች ይዘው መጡ። አደራ በላ ከመባል ሞት በሚመረጥበት አገር ይኼ ምን ይገርማል የሚል ይኖራል። ግማሾቹ ቤታቸው ወና ሆኖ፣ ልብስ እንኳ ሳይቀራቸው ዲስኩን ጠብቀው እንዳመጡ ላየ ግን ይገርማል።

ከስድስቱ አንዷ እትዬ የሺ ናቸው። ባል የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴት ነበሩ፤ ልጁ ደሳለኝ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ኅዳር ላይ ቤታቸው በከባድ መሣሪያ ተመቶ ሲነድ፣ ጊዮርጊስ የተባለውን ዲስክ በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። የቤተሰቡ አልበም እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ጎረቤቶቻቸው ኋላ «ምነው አልበሙን ቢያወጡ?» ሲሏቸው፣ «አልበሙ የራሴ ነው፤ ይኼ የሰው ነው» አሉ። ያን ጊዜ ልጃቸው ወደ ደሴ ሸሽቶ በሕይወት ያለ ይመስላቸው ነበር። መርዶው የመጣው ታኅሣሥ ነው። ደሳለኝ መንገዱ ላይ ካለችው ከውርጌሳ አልፎ አልሄደም ነበር፤ የማያውቁት ገበሬዎች አንሥተው እዚያው ቀብረውታል። ስልኩ ተወስዷል፣ ጓደኞቹም ስልካቸውን በየኬላው ተነጥቀዋል። ከሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ፊት እንኳ አልተረፈም።

እትዬ የሺም ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። በአገሩ ወግ ሬሳ በሌለበት ለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስና ፎቶ ወጥቶ ነው የሚለቀስበት። ልብሱ ተቃጥሏል። «ፊቱን ሳልይዝ በባዶ አልጋ ላይ አላለቅስም» ብለው ሁለት ወር ሙሉ ድርቅ አሉ። ሽማግሌ ተላከባቸው፣ እምቢ። የንስሐ አባት ተላከባቸው፣ እምቢ። በመጨረሻ መብራት መጥቶ እታፈራሁ ሰርቨሩን እንደገና ልትሠራ መሆኑን ሲሰሙ፣ ራሳቸው ቀን ቆረጡ፤ ሁዳዴ ሰኞ ይገባልና እሑድ የቅበላው ዕለት ድንኳን ይተከል አሉ። ደሳለኝ የመንጃ ፈቃድ ጉርድ የተነሣው እታፈራሁ ዘንድ ነው። ያ ፎቶ ደግሞ ያለው ጊዮርጊስ ላይ ነው፤ ሳያውቁት ከእሳት ያወጡት ዲስክ ላይ።

እሱ ነው እንግዲህ ኤፍሬም «ሞቷል» ካላቸው አምስቱ አንዱ።

ኤፍሬም ይህን ያለው ሐሙስ ዕለት ነበር። እታፈራሁ የሚታየውን ብቸኛ ዲስክ ከሣጥኑ አወጣችና አየችው። ሥላሴ ነው። አያ መልካሙ፣ ሲሪንቃ አጠገብ የሚያርሱና ንብ የሚያረቡ ሽማግሌ፣ ከቀፎዎቻቸው ኋላ ደብቀው ያቆዩት። እሳቸው ደግሞ አደራ ሲቀበሉ እንደ ማር እንስራ አፉን በሰም ያሽጋሉ፤ «ከፍቶት ነበር» እንዳይባሉ። የዲስኩንም ኬብል መግቢያ በሰም ደፍነው ነበር ያመጡላት። እሷም ኬብሉ እስኪገባላት ያህል በጥፍሯ ፍቃ ትታው ነበር፤ በሁለቱ መግቢያዎች፣ በመብራቱና በዳታው፣ መካከል ግን ሰሙ ወፍሮ ቀርቷል።

«ይኼን ይዘሽ ነው ያበራሽው?» አለ ኤፍሬም። «ሲግል ይቀልጥና ይኼኛውንም ይገድልብሻል። አጽጂው።»

ነገሩ ልክ መሰላት። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈገችው፣ መለሰች፣ አበራችው። አዲሱን ሊኑክስ «ያሉህን ዲስኮች ዘርዝር» ብላ ጠየቀችው። አንድም የለም አላት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እታፈራሁ ግን መልቀሚያውንም አጣች።

ኤፍሬም ፊቱ ጠቆረ። «በይ እንግዲህ፣ ስድስቱም» አለ።

«ዝም በል።»

ዓርብን ሙሉ ከሊኑክሱ ጋር ተጣላች። አሮጌው ላይ ስድስቱም ይታዩ ነበር፣ አዲሱ ላይ የሉም፤ ስለዚህ ጥፋተኛው አዲሱ ነው አለች። አሽቀንጥራ አወጣችውና አሮጌውን መልሳ ጫነች። መብራት ሁለቴ ሄደባት፣ ሁለቴ እንደገና ጀመረች። ከቀትር በኋላ ተጭኖ ሲያልቅ ጠየቀችው። ይኸኛውም የለም አላት። የዳታ ኬብሎቹን አቀያየረች። የለም። ያኔ ነው መዳፏን ዲስኮቹ ላይ ያሳረፈችው። ደህና ዲስክ መብራት ሲያገኝ ይሽከረከራል፣ ሲሽከረከር መዳፍ ላይ ይንዘፈዘፋል፤ ይኼን የትኛውም ሊኑክስ አያዝዘውም። ስድስቱም ቀዝቃዛና ዝም ያሉ ነበሩ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ለራሷ። «ሊኑክሱን በከንቱ ነው የሰደብኩት።»

እትዬ የሺ የመጡት በዚህ መሃል ነው። በበሩ ላይ ቆመው፣ ሳይገቡ፣ «ልጄ፣ ደረሰልኝ?» አሉ።

እታፈራሁ ፊታቸውን አየች። እነዚህ ሴት የራሳቸውን ጥለው የእሷን ይዘው ወጥተዋል፤ እሷ ደግሞ ያንን አደራ እጇ ላይ ልትገድለው ነው። ኤፍሬም ከኋላዋ በጉሮሮው ድምፅ ሰጠ፤ ንገሪያቸው ማለቱ ነው።

«ነገ እኩለ ቀን ይደርሳል እትዬ የሺ» አለች።

«እግዜር ይስጥሽ» ብለው ሄዱ።

«ምነው ዋሸሻቸው?» አለ ኤፍሬም።

«አልዋሸሁም። ነገ ገና አልመጣም። ነገ እኩለ ቀን ላይ ፎቶውን ይዘህ ወልድያ ትሄዳለህ፣ በትልቁ ታሳትመዋለህ፣ እሑድ ጠዋት ትመለሳለህ።»

«የቱን ፎቶ ይዤ?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ? ነገ ጠይቀኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት አያ መልካሙ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ከሲሪንቃ መጡ፤ ለእሑዱ ለቅሶ አንድ ቀን ቀደም ብለው። አደራቸው ደህና መግባቱን ሳያዩ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም። መነጽራቸውን አጥልቀው ሣጥኑ ውስጥ አጎነበሱ፤ ቀና ሲሉ ተቆጥተው ነበር።

«ማኅተሜን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ አያ መልካሙ፤ ቆሻሻ መስሎኝ።»

«ቆሻሻ! የንቤን ሰም ቆሻሻ አልሽው? ይኼ ዕቃ እኔ ዘንድ ሳለ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«አንቺ ዘንድስ ሲመጣ፣ ሰሙ ሳለ?»

እታፈራሁ ወደ ዲስኩ ዞረች። ሰሙ ሳለ ይሽከረከር ነበር። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ቢኖር ሰሙ ብቻ ነው። ዲስኩ አልወደቀም፣ አልረጠበም፣ ኬብሉም ያው ነው። ሳቋም እልኋም አንድ ላይ መጣባት።

«አያ መልካሙ፣ ሰም ይዘዋል?»

«ያለ ሰም የት እሄዳለሁ? ለጧፍ የሚሆን ለቤተ ክርስቲያን ይዤ ነው።»

«በሉ እንግዲህ፣ መልሰው ያሽጉልኝ። ልክ እንደ ፊተኛው።»

ኤፍሬም ግንባሩን ያዘ። «እታፈራሁ፣ አብደሻል? ሰም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም እኮ!»

«እሱን ነው የምልህ።»

ሽማግሌው ሰሙን በአውራ ጣታቸው አሽተው፣ አሙቀው፣ እንደ ወጉ ደፈኑት። እታፈራሁም እንደ ፊቱ በጥፍሯ ፋቀችው፤ በሁለቱ መግቢያዎች መካከል ያለውን ግን አልነካችውም። ሰካችው። አበራችው። መዳፏን አሳረፈች። ዲስኩ ተንዘፈዘፈ።

«በሥላሴ!» አለ ኤፍሬም፤ ይኼን ያለው ሳያስበው ነው።

አያ መልካሙ «እንዲህ ነው!» ብለው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ዲስኩ ሲነሣ አዩና ማኅተማቸው ክብሩ የተመለሰ መሰላቸው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ አልገረማቸውም።

እታፈራሁ ግን ገና መጀመሯ ነበር። ዲስኩን ነቅላ ሰሙ የት የት እንደቀረ በመብራት አየች። የመብራቱ መግቢያ አሥራ አምስት ቀጫጭን ጥርሶች አሉት፤ ሰሙ የሸፈነው በዳታው መግቢያ በኩል ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ነው። ከዚያ ለዲስኮቹ መብራት የሚያድለውን፣ ከደሴ የመጣውን የአዲሱን ፓወር ሰፕላይ ሽቦ አየች። ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ አንድ ደግሞ ብርቱካናማ። ብርቱካናማው በትክክል ሰሙ ከነበረባቸው ጥርሶች ፊት ለፊት ይገባል። የድሮው ፓወር ሰፕላይ፣ የተዘረፈው፣ አሮጌ መሰኪያ ወደ አዲስ በሚቀይር ገመድ ነበር ዲስኮቹን የሚመግበው፤ ያ ገመድ ብርቱካናማ ሽቦ አልነበረውም። አሥር ጊዜ በእጇ ይዛዋለችና በደንብ ታስታውሰዋለች።

«እነዚህ ዲስኮች በእነዚህ ጥርሶች በኩል መብራት ሲመጣባቸው ተኙ የተባሉ ይመስላቸዋል» አለች። «አልሞቱም። ተኙ ተብለው ነው። ሰሙ ትእዛዙን አልሰማም አለላቸው።»

ኤፍሬም ጎንበስ ብሎ ሽቦውን አየ። «እኔ ነኝ ይኼን ፓወር ሰፕላይ የመረጥኩልሽ» አለ።

«አዎ አንተ ነህ። ቆራጩን አቀብለኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ! አዲስ ዕቃ እኮ ነው! ቀስ ብለን በፕላስተር …»

እታፈራሁ መብራቱን ነቅላ ብርቱካናማውን ሽቦ ከሥሩ ቆረጠችው። ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለች። ሌላም ገመድ ላይ ብርቱካናማ አገኘች፣ እሱንም ቆረጠችው። አራት ወር ሙሉ የመጣው ሁሉ ተነሥ ተቀመጥ፣ ዝጊ ክፈቺ ሲላት ከርሞ፣ ያን ቀን እጇ የገባው ትእዛዝ ሰጪ ይህ ሽቦ ብቻ ነበርና ደስ እያላት ነው የቆረጠችው። ስድስቱንም ሰክታ አበራች። ሣጥኑ በጥይት የተበሳ ጎኑ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ሊኑክሱንም ጠየቀችው፤ አንድ በአንድ ዘረዘራቸው፤ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ።

«የሞተ አለ?» አለችው ኤፍሬምን።

«ስደቢኝ፤ ይገባኛል» አለ።

እኩለ ቀን ሳይሞላ እትዬ የሺ መጡ። እታፈራሁ ወንበሯን ለቀቀችላቸው። የ2011ን የመንጃ ፈቃድ ፎቶዎች ከፍታ ስም እየፈለገች ወረደች፤ ደሳለኝ ላይ ስትደርስ ቆመች። አምስት ፎቶ ነበር። በአምስተኛው ልጁ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ኮስተር ብሏል። መንጃ ፈቃዱ ላይ የወጣው እሱ ነው። በአራቱ ግን ይስቃል፤ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ።

እትዬ የሺ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«እኔ እኮ ነኝ» አሉ። «ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ‹አትሳቅ፣ ፎቶው ይበላሻል› እለው ነበር። ባልኩት ቁጥር ባሰበት። እይው፤ ካሜራውን አይደለም የሚያየው፣ እኔን ነው።»

እታፈራሁ አስታወሰችው። አለቀሰችም፤ ኤፍሬም ወደ መንገዱ ዞረ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው እውነት ነው፤ አያ መልካሙ እንኳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«በሉ፣ ኮስተር ያለውን ላሳትምልዎ?» አለች እታፈራሁ ፊቷን ጠርጋ።

«የሚስቀውን።»

«ለለቅሶ?»

«ለለቅሶ። መኮሳተሩን ለመንግሥት ነው የተኮሳተረው። ለእኔ ሳቀልኝ።»

እሑድ ድንኳኑ ተተከለ። ኤፍሬም ማለዳ ከወልድያ ያመጣው ፎቶ ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር፤ ደሳለኝ በአልጋው ራስጌ ቆሞ ለቀስተኛውን ሁሉ እየሳቀ ተቀበለ። ከእድሩ ሰዎች አንዱ ጠጋ ብለው «ምነው የሺ፣ ሰው ምን ይላል? ኮስተር ያለ አልነበረም?» አሏቸው።

«ይበል» አሉ እትዬ የሺ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ። «ቤቴን አቃጠሉ፣ ልብሱን አቃጠሉ፣ ልጄን መንገድ ላይ ጣሉት። ሳቁን ግን አላገኙትም፤ አደራ ላይ ነበር።» ከዚያ ሁለት ወር ያስቀመጡትን ለቅሶ ጀመሩት፤ ድንኳኑም ተቀበላቸው።

ሰኞ ጠዋት እታፈራሁ ፎቶ ቤቱን ስትከፍት እትዬ የሺ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጥቁር ለብሰዋል፤ ዓይናቸው አብጧል። በመንገዱ ላይ ወታደር የጫኑ መኪኖች ወደ ሰሜን ያልፉ ነበር።

«ዕቃሽን ስጪኝ» አሉ።

«የቱን ዕቃ?»

«ያንኑ። ጊዮርጊስን። ነገሩ አላለቀም ይላሉ፤ መኪናው ሁሉ ወደ ላይ ነው። እንደገና ቢመጡ አንቺ ስትፈቺና ስትጠቀልይ ጊዜ ይሄድብሻል። ካሁኑ ይሰጠኝ።»

«እትዬ የሺ፣ እርስዎ እኮ ቤት የለዎትም። የት ያስቀምጡታል?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀና ብለው አዩዋት።

«ባለፈውስ ያወጣው ቤቱ ነበር?»

እታፈራሁ ሌላ አልተከራከረችም። ፎቶዎቹን ሁሉ ሚካኤል ላይ ገለበጠች፣ ጊዮርጊስን ፈታ አወጣች፤ ከዚያ አያ መልካሙ ጠረጴዛው ላይ ትተውላት የሄዱትን ሰም በእሳት ማሞቅ ጀመረች።